22 አሮጌ ኮምፒውተሮችና የጥቅምት 4 ቀጠሮ

ሰኔ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ የቢሯችን ምድር ቤት ወለል ላይ ተንበርክኬ፣ ሽፋኑ በተነሣ ኮምፒውተር ፊት ራም የሚባለውን አዲስ የማስታወሻ ካርድ በእጄ ይዤ ነበር። ራሙን ማዘርቦርዱ ላይ ካለው መሰኪያ ልገጥመው ብሞክር አልገባ አለኝ። አዙሬ ሞከርሁ፤ አሁንም እንቢ አለ። ጎንበስ ብዬ በስልኬ መብራት ሳየው፣ ከራሙ ሥር ያለችው ክፍተት መሰኪያው ውስጥ ካለው ጥርስ ጋር በጥቂት ሚሊ ሜትር ትተላለፋለች። የገዛሁት ዲዲአር 4 የሚባለው የራም ዓይነት ነበር፤ ኮምፒውተሩ የሚቀበለው ግን ዲዲአር 3 ብቻ ነው። ከጎኔ ባለው ካርቶን ውስጥ ደግሞ የእሱ ብጤ የሆኑ 14 ራሞች በየመጠቅለያቸው ተደርድረዋል።

ይህን የምጽፈው በዚያ ካርቶን ምክንያት ነው። በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳር ብዙም በማይርቅ አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ሆኜ እሠራለሁ። አባሎቻችን ዓሣ አስጋሪዎች፣ የዘጌ ቡና አምራቾች፣ የገበያ ነጋዴዎችና ጡረተኞች ሲሆኑ፣ የእያንዳንዳቸው ሂሳብ የሚያዘው በ22 ኮምፒውተሮች ነው። የእነዚህ ሁሉ ጠጋኝም፣ ጠባቂም፣ ሲበላሹም ተወቃሹ እኔ ብቻ ነኝ። በየወረዳ ጽሕፈት ቤቱና በየትምህርት ቤቱ እንደ እኔ ብቻቸውን የሚሠሩ ብዙ ባለሙያዎች እንዳሉ ስለማውቅ፣ እኔ የወደቅሁበት ጉድጓድ ውስጥ እነሱም እንዳይወድቁ የሆነውን ከመጀመሪያው ልተርከው።

የጉዳዩ መነሻ ይህ ነው። ማይክሮሶፍት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ያወጣው ዊንዶውስ 10 ነጻ የደኅንነት ዝማኔ የሚያገኘው እስከ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድረስ ብቻ መሆኑ ቀደም ብሎ ታውቆ ነበር። ብዙ የሥራ ባልደረቦቼ በዚያ ቀን ኮምፒውተራቸው የሚጠፋ መስሏቸው ይጨነቁ ነበር፤ ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ኮምፒውተሩ እንደ ወትሮው ይከፈታል፣ ይሠራል፤ የሚቀረው በየወሩ የሚመጣው የቀዳዳ መድፈኛ ነው። ጣራው የሚያፈስ ቤት በበጋ እንደማያስታውቅ ሁሉ፣ ዝማኔ የተቋረጠበት ኮምፒውተርም ለጊዜው ጤነኛ ይመስላል። የሰው ገንዘብ የሚመዘገብበት ቢሮ ግን ክረምቱን አስቦ ማደር አለበት።

ተተኪው ዊንዶውስ 11 ደግሞ ያገኘውን ኮምፒውተር ሁሉ አይቀበልም። 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ የሚሉት መስፈርቶች ቀላሎቹ ናቸው። የሚያስቸግሩት ሌሎቹ ናቸው። ፕሮሰሰሩ ማይክሮሶፍት ከዘረዘራቸው ውስጥ መሆን አለበት፤ ይህም በኢንቴል በኩል ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር 8ኛ ጄኔሬሽንና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ቲፒኤም 2.0 የሚባለው፣ የምስጢር ቁልፎችን የሚይዘው ክፍል መኖርና ሥራ ላይ መሆን አለበት። በመጨረሻም ኮምፒውተሩ ሌጋሲ በሚባለው በአሮጌው መንገድ ሳይሆን ዩኢኤፍአይ በሚባለው በአዲሱ የሚነሣና ሴኪዩር ቡት የሚባለውን ጥበቃ የሚችል መሆን ይኖርበታል።

ሁሉንም ጥሎ አዲስ መግዛት ለእኛ የሚታሰብ አልነበረም። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ ምን እንደሆነ ገበያ የወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የሥራ አመራር ኮሚቴው «ያለውን አድሰህ ተጠቀም» አለኝና ከዓመቱ በጀት የተረፈችውን ገንዘብ ሰጠኝ። ችግሩ በጀቱ ሰኔ 30 የሚዘጋ መሆኑ ነበር። በቀሩኝ ቀናት ውስጥ ካልተገዛበት ገንዘቡ ተመላሽ ይሆናል። የመንግሥትም ሆነ የማኅበር ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይህን የሰኔ ሩጫ ያውቀዋል። እኔም ሮጥሁ። ፎቅ ላይ ያሉ ሦስት ኮምፒውተሮችን ብቻ ከፍቼ የራማቸውን ዓይነት አየሁና፣ «ተንቀራፈፉ» ለሚባሉት 15 ኮምፒውተሮች 15 ዲዲአር 4 ራምና ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ማከማቻ 15 ገዛሁ። ራምና ኤስኤስዲ ከተጨመረለት ዊንዶውስ 11 ይጫንለታል የሚል ግምት ነበረኝ፤ የፕሮሰሰሩን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ አላሰብሁትም።

ራሙ አልገባ ባለኝ ዕለት ማታ የአንድ ብር ዕቃ ሳልገዛ በፊት መሥራት የነበረብኝን ሥራ ጀመርሁ። አንድ የትምህርት ቤት ደብተር አወጣሁና ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር አንድ ገጽ ሰጠሁት። በሲፒዩው ሣጥን ላይ በፕላስተር ቁጥር ለጠፍሁ፣ ያንኑ ቁጥር በገጹ ራስ ላይ ጻፍሁ። ከዚያ የፕሮሰሰሩን ሙሉ ቁጥር፣ የራሙን ዓይነትና መጠን፣ ኮምፒውተሩን ገና ሲበራ የሚያስነሣው ባዮስ የሚባለው ፕሮግራም በሌጋሲ ነው ወይስ በዩኢኤፍአይ የሚነሣው፣ ቲፒኤም አለ ወይስ የለም፣ ዊንዶውሱ 32 ቢት ነው ወይስ 64 ቢት፣ ማን ይጠቀምበታል፣ ምን ፕሮግራምና ምን ፕሪንተር አለው የሚለውን ሁሉ መዘገብሁ። ከዚህ አብዛኛውን የሚያሳየው ዊንዶውሱ ውስጥ አብሮ የሚመጣው ሲስተም ኢንፎርሜሽን ነው፤ ኤምኤስ ኢንፎ 32 ብሎ መፈለግ ይበቃል። የማይክሮሶፍት ፒሲ ኸልዝ ቼክ የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ያልተሟላው መስፈርት የቱ እንደሆነ ለይቶ ይናገራል። 22ቱን ለመጨረስ ሁለት ቀን ተኩል ፈጀብኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ። እኛ አገር ኮምፒውተር የሚጠራው «ኮር አይ ፋይቭ» ወይም «ኮር አይ ሰቨን» እየተባለ ነው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን ያ ስም ምንም አይነግራችሁም። ማየት ያለባችሁ ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ነው። 4590 ከሆነ 4ኛ ጄኔሬሽን፣ 7500 ከሆነ 7ኛ፣ 8500 ከሆነ 8ኛ፣ አምስት አኃዝ ሆኖ 10400 ከሆነ ደግሞ 10ኛ ማለት ነው። በሥራ አስኪያጃችን ቢሮ የሚከበረው ኮር አይ ሰቨን 4ኛ ጄኔሬሽን ስለነበር ወደቀ፤ ተላላኪዋ የምትጠቀምበት 8100 ቁጥር ያለው ኮር አይ ስሪ ግን አለፈ። ይህን ለሥራ አስኪያጁ ማስረዳት ከቴክኒኩ ሥራ የከበደ ነበር።

ደብተሩ ሲዘጋ ሁኔታው ግልጽ ሆነ። ሰባቱ 8ኛና 9ኛ ጄኔሬሽን ናቸው፤ ስድስቱ 6ኛና 7ኛ፣ ዘጠኙ ደግሞ 4ኛ ናቸው። ራምና ኤስኤስዲ የገዛሁላቸው 15 ኮምፒውተሮች ደግሞ እነዚሁ ስድስቱና ዘጠኙ ነበሩ። ራሙ ለስድስቱ ይገባል፤ ግን ራም ቢጨመርላቸውም ፕሮሰሰራቸው ከዝርዝሩ ውጭ ነው። ለዘጠኙማ ከነጭራሹ አይገባም። ሊያልፉ ለሚችሉት ለሰባቱ ምንም አልገዛሁም ነበር።

ሐምሌ ገባ። ሐምሌ ለሂሳብ ክፍል የዓመት መዝጊያ ነው፤ እኔ ግን ሊያልፍ ከሚችለው ሁሉ መጀመሪያ የነካሁት የሂሳብ ክፍል ኃላፊዋን ኮምፒውተር ነበር። በዕድሜም በሥራም ታላቃችን ስለሆኑ ሁላችንም «እትዬ» እንላቸዋለን። ፒሲ ኸልዝ ቼክ «ሴኪዩር ቡት የለም» ስላለኝ ባዮስ ውስጥ ገብቼ ሌጋሲ የሚለውን ወደ ዩኢኤፍአይ ቀየርሁና አስቀምጬ ወጣሁ። ኮምፒውተሩ ተነሣና በጥቁሩ ማያ ላይ የሚነሣበት ዲስክ እንዳላገኘ ጻፈ። እትዬ ከኋላዬ ቆመው መነጽራቸውን አስተካከሉና «ልጄ፣ የዓመቱ ሂሳብ የት ገባ?» አሉኝ። «አለ እትዬ፣ የትም አልሄደም» አልኋቸው፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

በእርግጥም የትም አልሄደም ነበር። ዲስኩ የተከፋፈለው ኤምቢአር በሚባለው በአሮጌው ሥርዓት ሲሆን፣ ዩኢኤፍአይ ደግሞ ዊንዶውስን የሚያነሣው ጂፒቲ ከሚባለው ነው። ባዮሱን ወደ ሌጋሲ ስመልሰው ሁሉም ነገር እንደነበረ መጣ። ስለዚህ ይህ ከገጠማችሁ ፎርማት ለማድረግ አትቸኩሉ፤ የቀየራችሁትን መልሱት። ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። አስቀድሞ ባክአፕ ይወሰዳል። ቀጥሎ ዊንዶውሱ ውስጥ ኤምቢአር ቱ ጂፒቲ የሚባለው መሣሪያ መጀመሪያ ለፍተሻ ብቻ፣ ፍተሻው ካለፈ ደግሞ ለመቀየር ይታዘዛል። ባዮሱ ወደ ዩኢኤፍአይ የሚቀየረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በእትዬ ኮምፒውተር ላይ ፍተሻው ራሱ ወደቀ፤ ምክንያቱም መሣሪያው ከሦስት የማይበልጥ ዋና ክፍልፋይ ሲፈልግ፣ ዲስካቸው አራት ነበረው። አራተኛው ማንም የማይጠቀምበት የአምራቹ መመለሻ ክፍል ስለነበር ባክአፑን ካረጋገጥሁ በኋላ ሰረዝሁት፣ ከዚያም ሥራው በጥቂት ደቂቃ አለቀ። ይህን ሁሉ ያደረግሁት ግን ነሐሴ ውስጥ፣ የዓመቱ ሂሳብ ከተዘጋ በኋላ ነው። እትዬ እስከዚያ ድረስ በኮምፒውተራቸው አጠገብ ሳልፍ እንኳ በዓይናቸው ይከተሉኝ ነበር፤ አልፈርድባቸውም።

ባክአፕ ስል ፋይሎችን ወደ ፍላሽ መገልበጥን ብቻ ማለቴ አይደለም። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ፕሮግራም ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ ከፕሮግራሙ ውስጥ በራሱ መንገድ ባክአፕ አውጡ፣ ከዚያ ያንን ባክአፕ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሳችሁ ክፈቱትና አንድ የታወቀ ደንበኛ ሂሳብ ተመልከቱ። ሌላ ኮምፒውተር ላይ ተከፍቶ ያልታየ ባክአፕ አለኝ ማለት አይቻልም።

ከሰባቱ በሁለቱ ላይ ፒሲ ኸልዝ ቼክ «ቲፒኤም አልተገኘም» ይል ነበር። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ተስፋ ይቆርጣል፤ እኔም ላንዱ መሸኛ ልጽፍለት ምንም አልቀረኝም ነበር። ነገር ግን 8ኛ ጄኔሬሽን የሆነ ኢንቴል ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ቲፒኤሙ አብሮት አለ፤ ባዮሱ ውስጥ ፒቲቲ በሚል ስም ተዘግቶ ይቀመጣል። በኤኤምዲ ኮምፒውተሮች ላይ ኤፍቲፒኤም ይባላል። ማብራት ብቻ ነው። በአንዱ ይህ በሁለት ደቂቃ አለቀ። በሁለተኛው ላይ ግን ምርጫው ራሱ ስላልታየኝ ባዮሱን ማደስ አስፈለገ፤ ትልቁ ጥፋቴም እዚህ ላይ መጣ።

የነሐሴ ከሰዓት በኋላ ነበር። ከጣና በላይ ደመናው ጠቁሯል፣ ነጎድጓድ ይሰማል። እንደኔ ያለ ባሕር ዳር ያደገ ሰው እንዲህ ሲሆን መብራት እንደሚሄድ አያጣውም። እኔ ግን ኮምፒውተሩ ዩፒኤስ ላይ ስለተሰካ ተማመንሁ። ዩፒኤሱ አረንጓዴ መብራቱን አብርቶ ቁጭ ብሏል፤ ባትሪው ግን ከዓመታት በፊት ሞቷል፣ ማንም አልፈተነውም። የባዮሱ እድሳት ከግማሽ ትንሽ አለፍ ሲል መብራት ሄደ፣ ዩፒኤሱ አንድ ጊዜ ጮኸ፣ ማያው ጠፋ። መብራት ሲመለስ ማራገቢያው ይዞራል እንጂ ማያው ላይ ምንም አይመጣም። ማዘርቦርዱ ምን እንደሆነ እንኳ ረስቷል።

ያዳነኝ ስልክና ላፕቶፕ የሚጠግን አንድ ወጣት ነው። ባዮሱ የተጻፈባትን፣ ከጥፍር የምታንስ ስምንት እግር ያላት ቺፕ በአጉሊ መነጽር አሳየኝና በፕሮግራመር እንደ አዲስ ጻፈባት። ኮምፒውተሩ ቢነሣም በመሐል ሁለት ሳምንት አልፏል፣ እኔም አንድ የገንዘብ ያዥ መስኮት ዘግቼ ከርሜአለሁ። ስለዚህ ባዮስ ልታድሱ ስትነሡ ዩፒኤሱን አስቀድማችሁ ፈትኑት። ኮምፒውተሩን ሰክታችሁ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው ንቀሉትና ሰዓት ያዙ፤ አሥር ደቂቃ ካልቆየ አትንኩት። በጠዋት፣ ሰማይ ጥርት ባለበት ቀን ሥሩት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን። ደግሞም ምክንያት ሳይኖራችሁ ባዮስ አታድሱ።

የገንዘብ ያዧ ኮምፒውተር ሌላ ትምህርት ነበረው። ከሞተው ዩፒኤስ ጣጣ በኋላ 8 ጊጋባይት ራም አስገብቼላት ደስ ብሎኝ ሳየው፣ ዊንዶውሱ የሚጠቀመው ከ4 ጊጋባይት በታች ነው። ከዓመታት በፊት የጫነው ሰው 32 ቢት ዊንዶውስ ጭኖበት ኖሯል። ዊንዶውስ 11 የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ስለሆነ ከ32 ቢት ላይ ማሻሻል አይቻልም፤ ከባዶ መጫን ግድ ነው። ከባዶ ሲጫን ደግሞ ኢንተርኔትና የማይክሮሶፍት አካውንት ይጠይቃል። የእኛ መስመር ለ22 ኮምፒውተር እንደማይበቃ ስለማውቅ ማስጫኛውን አንድ ሌሊት አውርጄ በፍላሽ አደረግሁት፤ የኔትወርክ ካርዱን ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ድራይቨርም በሌላ ፍላሽ አዘጋጀሁ።

አካውንቱን በተመለከተ የሠራሁት ሞኝነት ያስቀኛል፤ ያን ጊዜ ግን አላሳቀኝም። በክረምቱ ከእኛ ጋር ይለማመድ የነበረ ተማሪ ሥራውን ያግዘኝ ስለነበር፣ የአንዱን ኮምፒውተር ጭነት «በራስህ ኢሜይል ክፈተው፣ በኋላ እንቀይረዋለን» አልሁት። አልቀየርነውም። አዲሱ ዊንዶውስ 11 በእንዲህ ዓይነት አካውንት ከባዶ ሲጫን ዲስኩን ሳይጠይቅ ሊቆልፈው ይችላል፤ መክፈቻ ቁልፉንም በዚያው ሰው አካውንት ውስጥ ያስቀምጠዋል። በመስከረም ባዮሱ ውስጥ አንድ ቅንብር ስነካ ሰማያዊ ገጽ መጣና ቢትሎከር የሚባለውን የዲስክ መቆለፊያ የሚከፍት ባለ 48 አኃዝ ቁልፍ ጠየቀኝ። ልጁ ደብረ ታቦር ወላጆቹ ዘንድ ገብቷል። ደወልሁለት፣ አካውንቱን ከፈተና ስድስት ስድስት እያደረገ በስምንት ዙር ያነብልኝ ጀመር። መሐል ላይ ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ተቋረጠ። «ጋሼ፣ አምስተኛው ላይ ነበርን» ሲለኝ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ልጁ ስልኩን ባያነሣ ኖሮ ግን የዲስኩ ሰነድ ለዘለዓለም ጠፍቶ ነበር። የቢሮ ኮምፒውተር በቢሮው አካውንት ይከፈት፤ ቁልፉም ታትሞ ካዝና ውስጥ ይግባ፤ ባዮስ ከመንካታችሁ በፊትም ቢትሎከር ለጊዜው ይታገድ።

ከሁሉም በላይ ጩኸት ያስነሣው ግን እኔ ከምንም ያልቆጠርሁት የፊደል ጉዳይ ነው። ጸሐፊያችን አዲስ በተጫነው ዊንዶውስ ላይ የቆየ የጠቅላላ ጉባኤ ቃለ ጉባኤ ስትከፍት አማርኛው በሙሉ የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ሆኖ ታየ። ሰነዱ ዩኒኮድ የሚባለው የጋራ የፊደል አሠራር ከመለመዱ በፊት ቪዥዋል ግዕዝ በተባለው የአማርኛ መተየቢያ የተተየበ ስለነበር፣ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ከሌለ የሚነበብ ነገር አይኖረውም። እኔ ሰነዶቿን ገልብጫለሁ፤ ፊደሎቹን ግን ከፎርማቱ ጋር አጥፍቻቸዋለሁ። ደግነቱ ገና ካልተነኩት ኮምፒውተሮች አንዱ ላይ አገኘኋቸው። ኒያላ በሚባለው የአማርኛ ፊደል የተጻፉት አዳዲሶቹ ሰነዶች ደግሞ ቢነበቡም መልካቸው ተቀይሮ፣ ገጻቸው ተዛንፎ ነበር። ኒያላ ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ አብሮ አይጫንም፤ በሴቲንግስ ውስጥ ኦፕሽናል ፊቸርስ በሚለው ሥር «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚለውን መርጦ ማውረድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ማንኛውንም ኮምፒውተር ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት የፎንትስ ፎልደሩን እንዳለ ገልብጡት። ይህን በውጭ አገር የተጻፈ መመሪያ አይነግራችሁም።

የቀሩት 15 ኮምፒውተሮች ጉዳይ እስከ ጥቅምት አስቸገረኝ። አንድ ወዳጄ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ፍተሻውን ዘልለን እንጭነዋለን» አለኝና ሩፈስ በሚባለው የማስጫኛ ፍላሽ መሥሪያ ፕሮግራም በተሠራ ፍላሽ 6ኛ ጄኔሬሽን በሆኑ ሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ጫንልኝ። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ይሠሩ ነበር። ነገር ግን ማይክሮሶፍት ራሱ መስፈርቱን ለማያሟላ ኮምፒውተር ዝማኔ ለመስጠት ዋስትና እንደማይገባ በግልጽ ጽፏል። እኔ ከዊንዶውስ 10 ልወጣ የተነሣሁት ዝማኔ እንዳይቋረጥብኝ ከሆነ፣ ዋስትና ወደሌለው ቦታ መሄዴ ምን ይረባኛል? በቤቱ ለራሱ የሚጠቀም ሰው ቢያደርገው አልቃወምም፤ የሌላ ሰው ገንዘብ በሚያዝበት ቢሮ ግን አልመክርም። ሁለቱንም አነሣሁት።

የተራዘመ ዝማኔ መግዛት ሌላው አማራጭ ነበር። ለድርጅቶች በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ኮምፒውተር 61 ዶላር ሲሆን፣ በየዓመቱ ዋጋው እጥፍ እየሆነ እስከ ሦስት ዓመት ይሄዳል። ለግለሰቦች የተዘጋጀው ቀለል ያለ ሲሆን እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. እንደሚቆይ ተነግሮ ነበር፤ ለድርጅት ሥራ ግን አልተፈቀደም። ዶላሩን ከየት አባቴ አምጥቼ ነው ብዬ ተውሁት።

በመጨረሻ አሥሩ ላይ ሊኑክስ ሚንት 22 ጫንሁ። እስከ 2029 እ.ኤ.አ. ድረስ ድጋፍ ያለው፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነጻ ሥርዓት ነው፤ እነዚያ በችኮላ የገዛኋቸው ኤስኤስዲዎችም እዚህ ላይ ዋጋቸውን አወጡ፤ 4ኛ ጄኔሬሽን የሆነው ሳይቀር ቶሎ የሚነሣ ሆነ። ከዘጠኙ አራቱን ፈታትቼ ራማቸውን ለአምስቱ አካፈልሁ። ሠራተኞቹ የመጀመሪያውን ሳምንት አጉረመረሙ፤ አንዲት ባልደረባዬ እንዲያውም «ይሄ የማን ኮምፒውተር ነው?» እያለች ሦስት ቀን አኮረፈችኝ። ደብዳቤና ሠንጠረዥ ለመጻፍ ግን ሊብሬኦፊስ በቂ ሆኖ ተገኘ። ከገንዘብ ጋር የተያያዘውን ሥራ አንዱንም ወደዚያ አላዛወርሁም። አንድ 7ኛ ጄኔሬሽን ኮምፒውተር በዊንዶውስ 10 እንዳለ ቀርቷል፤ የድሮ የሂሳብ መዝገቦች የሚታዩበት ስለሆነ የኔትወርክ ገመዱን ነቅዬ በላዩ ላይ «ኢንተርኔት አይሰካም» ብዬ ለጥፌበታለሁ።

የአዲሱ ዓመት በጀት ሲለቀቅ በኅዳር ወር አራት ያገለገሉ 8ኛና 9ኛ ጄኔሬሽን ኮምፒውተሮች ገዛን። በዚህ ጊዜ ደብተሬን ይዤ ነው ሱቅ የገባሁት። ሻጩ «ኮር አይ ፋይቭ ነው ጋሼ፣ እንደ አዲስ ነው» ሲለኝ፣ «አብራውና ባዮሱን አሳየኝ» አልሁት። ሽፋናቸውን ከፍቼ የራሙን ዓይነት አየሁ፣ የፕሮሰሰሩን ቁጥር ጻፍሁ፣ ፒቲቲው መኖሩን አረጋገጥሁ። ስድስት አሳይቶኝ ሁለቱን መለስሁለት።

ከተረፉኝ ዘጠኝ ራሞች ስምንቱ በእነዚህ አራት ኮምፒውተሮች ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። ዘጠነኛው መሳቢያዬ ውስጥ አለ። ካርቶኑን እትዬ ወሰዱት፤ የደረሰኝ ጥራዝ ያስቀምጡበታል።